ከዶማ በፊት ጆሮ፦ የላኮታን ምግብ በወጣቶች እርሻ ለመመለስ

በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ግዛት ውስጥ፣ ሱ ፎልስ ከተማ ለሚኖር ሐበሻ እንጀራ ማግኘት ብዙ አያስቸግረውም። ከከተማዋ ተነስቶ ወደ ምዕራብ አራት ሰዓት ያህል ሲነዳ ግን ከአያቶቹ ማዕድ በግድ የተነጠለ ሕዝብ አገር ይደርሳል። ሮዝበድ፣ ፓይን ሪጅ፣ ወደ ሰሜን ወጣ ሲል ደግሞ ሻየን ሪቨርና ስታንዲንግ ሮክ የሚባሉ የላኮታ ሕዝብ ክልሎች አሉ፤ ላኮታዎች የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው፣ ክልሎቹም መንግሥት ለእነሱ የከለላቸው መሬቶች ናቸው። ቅድመ አያቶች የበሉት ሥርና ፍሬ ዛሬም በዚያ ሣር መካከል ይበቅላል። በላዩ ላይ እየሮጠ የሚያድገው ልጅ ሁሉ ግን ስሙን አያውቀውም።

ይህ መመሪያ ወጣቶችን ይዞ የምግብ እርሻ ለመጀመር ላሰበ ሰው የተጻፈ ነው። በአካባቢው በመምህርነት፣ በነርስነት ወይም በግብርና ሙያ የሚሠራና «በምን ልርዳ?» የሚል ወገን ካለም ይጠቅመዋል። እኔ ላኮታ አይደለሁም፤ ስለዚህ የምጽፈው የባለቤቱን ድርሻ ሳይሆን የረዳቱን ነው። ወሮቹን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አስቀምጫለሁ። «ክረምት» የሚለውን ቃል ግን ሸሽቼዋለሁ፤ እኛ ዝናብ ስንል እነሱ በረዶ ይታያቸዋልና።

የተቋረጠው ምንድን ነው?

ላኮታዎች በዋናነት ገበሬዎች አልነበሩም። ይህን ሳያውቅ ቲማቲምና ጎመን ተክሎ «ባህላቸውን መለስኩላቸው» የሚል ሰው የራሱን ባህል ነው የተከለው። የኑሯቸው ምሰሶ ጎሽ ነበር። ሥጋውን ትኩሱን ይበላሉ፣ የተረፈውን ያደርቃሉ፣ በቆዳው ይጠለላሉ። ከሜዳው ሥር ይቆፍራሉ፤ ከወንዝ ዳር ፍሬ ይለቅማሉ። በቆሎውን የሚያገኙት በሚዙሪ ወንዝ ዳር ከሚያርሱት ከአሪካራ፣ ከማንዳንና ከሂዳትሳ ሕዝቦች ነበር፤ አንዳንዴ በንግድ፣ አንዳንዴም በጉልበት።

በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው ጎሽ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አንድ ሺህ ገደማ ወረደ። በ1868 በፎርት ላራሚ ውል ለላኮታዎች በተረጋገጠላቸው በብላክ ሂልስ ተራሮች በ1874 ወርቅ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላም የአሜሪካ ምክር ቤት ተራሮቹን ካልለቀቃችሁ ቀለብ አይሰፈርላችሁም የሚል ሕግ አወጣ። ቀለቡ ዱቄት፣ ስብ፣ ስኳርና ቡና ነበር። የእርዳታ ስንዴ ወረፋ የቆመ፣ ወይም ከቆመ ሰው የተወለደ አንባቢ ቀሪውን ያለ እኔ ማብራሪያ ይረዳዋል። ቀለብ ሲሰነብት ምግብ ይሆናል። ዛሬ በየበዓሉ የሚሸጠው ፍራይ ብሬድ፣ ማለትም በዘይት የተጠበሰው ለስላሳ ዳቦ፣ የዚያ ዱቄትና ስብ ልጅ ነው። በላዩ ላይ ልጆቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወስደው በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከለከሉ፤ የተክሎቹ ስምም አብሮ ተዳፈነ። በሚዙሪ ወንዝ ላይ የተሠራውና በ1962 የተመረቀው የኦዋሂ ግድብ ደግሞ በሻየን ሪቨርና በስታንዲንግ ሮክ ከ60,000 ሄክታር በላይ መሬት በውኃ ሸፈነ። የዱር ፕሪሙ፣ የማገዶው እንጨትና የመድኃኒቱ ቅጠል የነበረው እዚያ ወንዝ ዳር ነበር።

ስለዚህ እርሻው ግቡ አይደለም። እርሻው ልጆችና አያቶች የሚገናኙበት፣ ከዚያም አብረው ወደ ሜዳው የሚወጡበት በር ነው። ቀጥሎ ያለው ሁሉ በዚህ እምነት የተጻፈ ነው።

አንደኛ፦ መጠየቅ

ሥራው የሚጀምረው በታኅሣሥ እንጂ በግንቦት አይደለም፤ በዶማ ሳይሆን በጆሮ። በመጀመሪያ በአካባቢው ማን እየሠራ እንዳለ እወቁ። ሻየን ሪቨር ክልል፣ ኢግል ቢዩት ከተማ ውስጥ ከ1988 ጀምሮ የሚሠራ የወጣቶች ድርጅት አለ። አንድ ሄክታር የሚሆን የአትክልት ቦታ አለው፤ ስሙም ዊንያን ቶካ ዊን ነው፤ «ቀዳሚዋ ሴት» እንደማለት። ወጣቶቹ እዚያ በተለማማጅነት ይሠራሉ። በሮዝበድ ሚሽን ከተማ አጠገብ ደግሞ የሲቻንጉ ላኮታዎች የልማት ድርጅት ኬያ ዋክፓላ የሚባል የማኅበረሰብ እርሻ ያካሂዳል፤ በ2020 የተጀመረው 28,000 ኤከር የሚሰፋው የዎላኮታ የጎሽ ማሰማሪያም የእነዚሁ ሰዎች ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ጎረቤት እያለ አዲስ ድርጅት ማቋቋም ከንቱ ድካም ነው። አንድ የእርሻ ወቅት አብራችሁ አርሙ፤ ከዚያ በኋላ የራሳችሁን ለመጀመር ምክንያት ካላችሁ ይታያል።

ቀጥሎ አያቶችን ጠይቁ። በላኮታ አያት ሴት ኡንቺ፣ አያት ወንድ ቱንካሺላ ይባላሉ፤ ምድርም ራሷ «አያት ምድር» ተብላ ትጠራለች። ሽማግሌን ለመጠየቅ ሲኬድ ትንባሆ በእጅ ማበርከት የቆየ የአክብሮት ምልክት ነው። ምግብም ይዞ መሄድ ደግ ነው። ጥያቄው «ስለ ባህላዊ ምግብ ይንገሩን» መሆን የለበትም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጋዜጠኛ ነው። «ልጅ ሆነው ከምድጃው ላይ ምን ይሸት ነበር? ማን ነበር የሚቆፍረው? የት?» ብላችሁ ጠይቁ። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ለጸሎትና ለሥርዓት የሚውሉ ተክሎች ሲነሱ እስክሪብቶውን አስቀምጡ፤ እነሱ የዚህ እርሻ ጉዳይ አይደሉም።

በዚሁ ጊዜ የመሬቱን ጉዳይ ጨርሱ። በክልሎቹ ውስጥ መሬት የአንድ ዓይነት አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት በአደራ የሚይዘው የጎሳው መሬት አለ፤ በውርስ ተከፋፍሎ ብዙ ወራሾች በጋራ የያዙት አለ፤ በግል የተያዘም አለ። የወራሾችን ሁሉ ፊርማ ማሰባሰብ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ለጀማሪ የሚሻለው የትምህርት ቤት፣ የወጣቶች ማዕከል ወይም የክሊኒክ ግቢ ነው። ውኃም መጸዳጃም እዚያው አለ፤ ልጆችም ያለ መኪና ይደርሳሉ።

ሁለተኛ፦ በበረዶው ወራት መቅመስና መቁጠር

ልጅ ቀምሶት የማያውቀውን ነገር ለማብቀል ሐምሌ ፀሐይ ላይ አይንበረከክም። ስለዚህ ድስቱ ከዘሩ ይቀድማል። አንድ ቅዳሜ የጎሽ ሥጋ ሾርባ ሥሩ፤ ቲንፕሲላ ከሚባለው የሜዳ ሥር የደረቀ ጉንጉን ከአካባቢው ሰው ገዝታችሁ ከማታው ጀምሮ ዘፍዝፉትና ጨምሩበት። ዎዣፒ፣ ማለትም ከዱር ፍሬ የሚሠራ ወፍራም ማባያ፣ አብሮ ይቅረብ። ፍራይ ብሬድን ግን አታውግዙ። ያቺ አያት በተሰጣት ዱቄት ልጆቿን ያሳደገችው በእሱ ነው፤ ልጁ በልደቱ ቀን የሚጠብቀውም እሱን ነው። አዲሱ ምግብ ከጎኑ ይቀመጥ፤ ቦታውን በጣዕሙ ይውሰድ።

ከዚያ የምግብ ቀን መቁጠሪያ አዘጋጁ። የላኮታ ወሮች ስማቸው ራሱ የእርሻ ማስታወሻ ነው፤ ሰኔ አካባቢ የሚውለው «ቲንፕሲላ የሚደርስበት ጨረቃ»፣ ቀጣዩ ደግሞ «ቾክቼሪ የሚጠቁርበት ጨረቃ» ይባላል፤ ቾክቼሪ የዱር ፍሬ ነው። ላኮታዎች ዓመታቸውን የሚመዘግቡበት ዋኒዬቱ ዎዋፒ የሚባል ጥበብ አላቸው። ለእያንዳንዱ ዓመት ዋና የሆነውን ነገር መርጠው አንድ ሥዕል በቆዳ ላይ ይስሉ ነበር። አንድ አልጋ የሚያህል ጨርቅ ግዙና ወጣቶቹ የእርሻውን ታሪክ እንዲሁ ይሳሉበት፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሥዕል፣ ከመሀል ጀምሮ እየተጠማዘዘ። ምን እንደሚሳል የሚወስነው ክርክር ከማንኛውም የግምገማ ስብሰባ ይበልጣል።

ሦስተኛ፦ ቦታውና አፈሩ

አንድ ክልክል አለ፦ ታርሶ የማያውቅ ሜዳ ማረስ። ቲንፕሲላ የሚኖረው እዚያ ብቻ ነው። የአያትን ምግብ ለመመለስ ብሎ የአያትን ምግብ መገልበጥ ቀልድ አይደለም፤ በእውን የሚደርስ ነው። ቀድሞ የተቆፈረ፣ ሣሩም ከውጭ የመጣ የሆነ ቦታ ፈልጉ።

ለመጀመሪያው ዓመት 10 ሜትር በ10 ሜትር ይበቃል። ብዙ እርሻ የሚሞተው በበረዶ ወይም በአንበጣ ሳይሆን በስፋቱ ነው፤ ሐምሌ ላይ አረሙ ከሠራተኛው ይበዛና ሁሉም በሐፍረት ይቀራል። በቀን ስምንት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ የውኃ ቧንቧ አጠገብ ያለ ይሁን። ከአምስት ከስድስት ቦታ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ወስዳችሁ ቀላቅሉና ለምርመራ ላኩ። አሮጌ ሕንፃ የነበረበት ከሆነ ለእርሳስ ብክለትም ይታይ። ምዕራብ ደቡብ ዳኮታ ብዙ ቦታ አፈሩ ሲረጥብ ጫማ የሚያወልቅ፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ የሚሰነጠቅ ነው፤ የእኛን ጥቁር መረሬ አስቡት። መድኃኒቱም ያው ነው፤ ብስባሽ፣ የቆየ ፍግና ትዕግሥት። ሣሩን ለማጥፋት በመስከረም ወፍራም ካርቶን አንጥፉና በላዩ ገለባ ጎዝጉዙ፤ በግንቦት አፈሩ ለስላሳ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ንፋሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ሜዳ ንፋስ የማይነፍስበት ቀን ይቆጠራል። በሰሜንና በምዕራብ በኩል የዱር ፕሪም፣ ቾክቼሪና ማሽቲንቻ ፑቴ የሚባለውን ቁጥቋጦ በረድፍ ትከሉ። የመጨረሻው ስም «የጥንቸል ከንፈር» ማለት ነው፤ ፍሬው ትንሽ፣ ቀይና ጎምዛዛ ነው። እነዚህ ንፋስ ያበርዳሉ፣ በረዶ ያጠራቅማሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይለቀማሉ። ዛሬ የምትተክሉት ችግኝ የሚያፈራው የ13 ዓመቷ ልጅ 17 ሲሞላት ነው፤ ይህንኑ ንገሯት። አንድ ጥንቃቄ፦ የቾክቼሪ ቅጠል፣ በተለይ የጠወለገው፣ ለከብትና ለፈረስ መርዝ ስለሆነ ከግጦሽ አጥር አርቁት።

አጥሩን በተመለከተ አጭር ነኝ። አጋዘን ከሁለት ሜትር በታች የሆነውን ይዘላል፤ ጥንቸል ከሥር ይገባል፤ የተለቀቀ ፈረስ ደግሞ ሁለቱንም አይጠብቅም። ከዘሩ በፊት አጥሩ ይቁም።

አራተኛ፦ ዘሩ

ውርጭ የሚለቀው ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሲሆን አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፤ መስከረም ላይ ደግሞ ይመለሳል። በመካከል ያለው አራት ወር ገደማ ነው። ስለዚህ የሱቅ በቆሎ ሳይሆን ለዚህ አጭር ወቅት የተላመደውን የማንዳን ወይም የአሪካራ በቆሎ ፈልጉ፤ ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ ንፋስ የማይጥለው፣ ቶሎ የሚደርስ ነው። በላኮታ በቆሎ ዋግሚዛ፣ ቦሎቄ ኦምኒቻ፣ ዱባ ዋግሙ ይባላል። ስሞቹን ወጣቶቹ በእንጨት ላይ ይጻፉ፤ አነባበቡን አያት ያርሙ።

አፈሩ 12 ዲግሪ ሲሞቅ ጉብታ ጉብታ ሥሩ፣ በ1 ሜትር ከ20 ርቀት። አገሩ ደረቅ ስለሆነ ጉብታው ከፍ አይበል፤ ጫፉ እንደ ሰሃን ጎድጎድ ብሎ ውኃ ይያዝ። በእያንዳንዱ ስድስት ፍሬ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ሲበቅል አሳሱና ሦስት ወይም አራት አስቀሩ። በቆሎን በአንድ ረጅም መስመር አትዝሩ። የአበባው ዱቄት በንፋስ ስለሚጓዝ በአራት ማዕዘን፣ ቢያንስ በአራት ረድፍ ይሁን፤ አለበለዚያ ጥርሱ የረገፈ ዛላ ታገኛላችሁ።

በቆሎው ስንዝር ሲሞላ ቦሎቄውን ዙሪያውን አራት አራት ፍሬ ዝሩ። እኔ በጓሮዬ የመጀመሪያ ዓመት ሁለቱን በአንድ ቀን ዘርቼ ቦሎቄው ገና ያልጠናውን በቆሎ አንቆ መሬት አስተኛው፤ ያን ዓመት የበላነው ቅጠል ነው። ዱባው ከሳምንት በኋላ በዳር በዳሩ ይገባል፤ ሰፊ ቅጠሉ አረም ያፍናል፣ አፈሩንም ይሸፍናል። የሱፍ አበባ በጠርዙ ላይ ይቁም።

ይህ አዘራር የሚዙሪ ዳር ሴቶች እውቀት ነው። በፈረንጆቹ አጠራር «በፋሎ በርድ ውመን» የምትባል ሂዳትሳዊት በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የእናቶቿን አስተራረስ አንድ በአንድ ዘርዝራ አስመዝግባለች። ልጃገረዶች በእርሻው መሀል ከፍ ያለ ማማ ላይ ተቀምጠው ወፍ ይጠብቁ፣ ለበቆሎውም ይዘፍኑ እንደነበር ተናግራለች። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አንድ ማማ ሥሩ። ጥላ ይሆናል፣ ልጆቹም ይጣሉበታል።

ውኃውን አስሉት። በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ይህ በካሬ ሜትር 25 ሊትር፣ ለ100 ካሬ ሜትር 2,500 ሊትር ማለት ነው። የጠብታ መስኖ ቱቦ ከባልዲ ይሻላል። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ጥሩ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ የሚፈሰውን ቀንሳችሁ 2,000 ሊትር ታጠራቅማላችሁ። ስሌቱን ለወጣቶቹ ስጡት፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ይገባቸዋል። በረዶ ጠጠር ለሚወርድበት ቀን ደግሞ መረብ ይኑራችሁ።

አምስተኛ፦ ሰኔ፣ ወደ ሜዳው

እርሻው ገና ስንዝር ሳለ ትልቁ ሥራ ከአጥሩ ውጭ ነው። ቲንፕሲላ ሐምራዊ አበባ ያላት፣ ግንዷ ነጭ ጠጉር የለበሰ፣ ቅጠሏ አምስት ጣት ያለው እጅ የምትመስል ትንሽ ተክል ናት። ከባቄላ ወገን ብትሆንም የሚበላው ሥሯ ነው፤ የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ከቡናማ ልጣጩ ሥር ነጭ። የምትገኘው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ዘሯ ከበሰለ በኋላ ግንዷ ከአፈሩ ላይ ተቆርጦ በንፋስ እየተንከባለለ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሥሯ ያለበትን አያት እንኳ አያገኘውም።

የምትቆፈረው ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው። የምትመስላት መርዛማ ተክል ስላለች ስልክ ላይ ባለ ፎቶ አትተማመኑ። ሥሩ እስከ ስንዝር ስለሚጠልቅ ሹል ብረት ወይም ጠንካራ መቆፈሪያ እንጨት ያስፈልጋል። ሰማዩ ክፍት ነው፣ ውኃና ባርኔጣ አትርሱ፤ እባብም አለ።

ከዚህ ሁሉ ግን የምወደው ይህን ነው። የላኮታ እናቶች ለልጆቻቸው «ቲንፕሲላዎች እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ» ይሏቸው ነበር። ልጁ የአንዷ ቅርንጫፍ ወዴት እንደሚያመለክት አይቶ ወደዚያ ይሮጣል፤ ሌላ ያገኛል፤ ከዚያም ወደ ሌላ። እናት ሳትደክም ታገኛለች፣ ልጅም ሥራ ላይ መሆኑን ሳያውቅ ይውላል። እኔ እስከ ዛሬ ካነበብኩት የወጣት ፕሮግራም ንድፍ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ትንንሾቹን በዚህ ላኳቸው።

የአወሳሰድ ሥርዓት፦ ተክሏ ለመብላት የሚበቃ ሥር ለማብቀል ዓመታት ይፈጅባታል። ስለዚህ ትንንሾቹ ይቅሩ፤ ከአንድ ጉብታ ላይ አብዛኛው ይቅር። ዘር የያዘውን ጫፍ ወደ ጉድጓዱ መልሳችሁ በአፈር ሸፍኑ። ብዙ ቤተሰብ ከመቆፈሩ በፊት ጥቂት ትንባሆ መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ የሚመራችሁ ሰው እንዳደረገ አድርጉ። ማታ ላይ ልጣጩ ተገፎ፣ ጭራ ጭራው እንደ ነጭ ሽንኩርት ይጎነጎናል፤ ጥላ ውስጥ ተሰቅሎም እንደ ድንጋይ ይደርቃል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ይቆያል፤ ይወቀጣል፣ ይቀቀላል፣ ዱቄቱም ሾርባ ያወፍራል።

የወጣቶቹ ነገር

የ15 ዓመት ልጅ በነፃ አይሠራም፤ መሥራትም የለበትም። ገንዘብ ስታፈላልጉ የወጣቶቹን አበል ከዘርና ከመሣሪያ በፊት አስቀምጡት። ሁለተኛው ወጪ ነዳጅ ነው፤ ቤቶቹ ተራርቀው ነው የሚገኙት። ከስምንት የማይበልጥ ቡድን፣ በሐምሌ ሙቀት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት፣ ከዚያ ምሳ። ምሳው እዚያው ይብሰል፤ አንዱ ተረኛ ምግብ አብሳይ ይሁን። ለእያንዳንዱ የራሱ ጉብታዎች ይኑሩት፤ የማን በቆሎ እንደረዘመ ይወራረዱ። አንድ ልጅ ሳምንት ቢጠፋ ጉብታውን ሌላው ይኮትኩትለት እንጂ አይወሰድበት። ቲዮሽፓዬ፣ ማለትም ሰፊው ቤተሰብ፣ ኀዘን ወይም ሥርዓት ሲኖረው ልጁ ሊጠራ ይችላል፤ ይህ መቅረት አይደለም።

ስድስተኛ፦ ነሐሴ፣ መውቀጥና ማድረቅ

ቾክቼሪ በላኮታ ቻንፓ ይባላል። ጥቁር ቀይ፣ አፍ የሚኮማትር ፍሬ ነው። በአገራችን ደን ካለው ጥቁር እንጨት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ያኛው ቅርፊቱ ለመድኃኒት ሲፈለግ ይሄኛው ፍሬው ይበላል። ባለ ዛላ ስለሆነ በእጅ እየተገፈፈ ይለቀማል፤ ለወፍና ለሚቀጥለው ሰው ይተርፋል።

አያቶች ከነፍሬ ድንጋዩ፣ ማለትም ከውስጡ ጠንካራ ዘር ጋር፣ በመጅ ይወቅጡትና በእጅ ጠፍጥፈው ፀሐይ ላይ ለቀናት ያደርቁታል። ጥሬው ፍሬ ድንጋይ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ነገር ስላለው ማንም ልጅ እንዳያኝከው፤ መወቀጡ፣ መድረቁና መቀቀሉ ነው የሚያለዝበው። ለጀማሪ ቡድን ቀላሉ መንገድ ፍሬውን በጥቂት ውኃ ማፍላት፣ በወንፊት ማጥለልና ጭማቂውን በቲንፕሲላ ዱቄት ማወፈር ነው፤ ዎዣፒ ማለት ይኸው ነው። ስኳሩን ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ ልጆቹ ሳያውቁት ይለምዱታል።

ከዚያ ሥጋው። ፓፓ የሚሉት የደረቀ ሥጋ ቋንጣ ነው፤ አዘለዛዘሉ፣ አሰቃቀሉ፣ ሁሉም፤ በርበሬው ብቻ ይቀራል። እዚህ ላይ ሐበሻ ረዳት የሚያስተምረው ነገር ሊኖረው ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ከወጣቶቹ አያት ከተማረ በኋላ። ለሕዝብ የሚቀርብ ከሆነ ዝልዝሉ ከመድረቁ በፊት 71 ዲግሪ ሙቀት ይለፍ። ቋንጣው ጠበስ ተደርጎ ይወቀጣል፤ ከደረቀ ቾክቼሪና ከቀለጠ ሞራ ወይም መቅኒ ጋር ይታሻል። በእጅ ሲጨበጥ ካልፈረሰ ሞራው በቅቶታል። ስሙ ዋስና ነው። ከእኛ ዋስና ጋር ዝምድና የለውም፤ ግን በበረዶ ወራት ለመንገደኛ ዋስ የሚሆን ምግብ መሆኑን ሳስብ አጋጣሚው ያስቀኛል።

የጠነከረውን በቆሎ ደግሞ በተጣራ የእንጨት አመድ ውኃ ቀቅሉት፤ ልጣጩ ይለቃል፣ ደጋግማችሁ ታጥባላችሁ፣ ንፍሮ የሚመስል ፓሽላያፒ ይወጣል። አመዱ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት ይደረግ። ለሳይንስ መምህሯም ንገሯት፤ በበቆሎው ውስጥ የታሰረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን የሚፈታው ይኸው አመድ ነው።

ሰባተኛ፦ የአይጧ ጎተራ

በወንዝ ዳር ጥላ ውስጥ ማካቶምኒቻ፣ «የምድር ባቄላ»፣ የሚባል ሐረግ ይበቅላል። ባቄላው ከመሬት በታች ነው። የሜዳ አይጥ እየለቀመች በጎተራዋ ታከማቸዋለች። የላኮታና የዳኮታ ሴቶች ጎተራውን አግኝተው ባቄላውን ሲወስዱ በቦታው በቆሎ ወይም ሞራ ይተዉላት ነበር፤ ልጆቿ እንዳይራቡ። ከነዚያ ወንዝ ዳሮች ብዙዎቹ ዛሬ ከኦዋሂ ውኃ በታች ናቸው። ሐረጉን በፕሪሙ ረድፍ ጥላ ሥር መሞከር ይቻላል። ባይሳካ እንኳ በመስከረም አንድ ከሰዓት ታሪኩን የሚነግር አያት ጋብዙና በእርሻው ጥግ የበቆሎ ፍሬ ማስቀመጡን ለልጆቹ ተዉት።

ስምንተኛ፦ መስጠትና ዘር ማስቀረት

የመጀመሪያው ምርት ለአያቶች ነው፤ በቅርጫት ሆኖ በየቤቱ ይደርሳል፣ የሚያደርሱትም ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው። ገበያ ለመሸጥ የሚያስቡ ቡድኖች አሉ፤ ደግ ነው፣ ግን ከሁለተኛው ዓመት በፊት አትቸኩሉ።

ለዘር የሚሆነው በቆሎ ከመሀል፣ ከጤናማው ይመረጣል። ከ100 ተክል በታች ዘር መያዝ ዝርያውን ያደክመዋል፤ ቦታ ከሌላችሁ ከጎረቤት እርሻ ጋር አንድ ዓይነት ዝርያ ተካፍላችሁ ዝሩ። ቦሎቄ ራሱን ስለሚያዳቅል ለልጆች ቀላሉ መማሪያ ነው። ጥፍር የማይሰረጉደው ቦሎቄ፣ በመዶሻ ሲመታ የሚፈረካከሰው በቆሎ ደርቋል። በክዳን ማሰሮ፣ በቀዝቃዛ ቦታ፣ በላኮታ ስሙና በዓመቱ ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ግማሹ በእርሻው፣ ግማሹ በየቤተሰቡ፤ አንዱ ቤት ቧንቧ ቢፈነዳበት ሌላው ይኖረዋል።

መጋቢት ላይ፣ በረዶው ገና ሳይለቅ፣ ቡድኑን ሰብስቡ። ከእያንዳንዱ ማሰሮ አሥር አሥር ፍሬ አውጡና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ባለ ቦታ አስቀምጡ። በሳምንቱ ገልጣችሁ ቁጠሩ። ከሰባት በላይ ካቆጠቆጠ እንደ አምናው ይዘራል፤ ካነሰ በጉብታው ላይ ሁለት ፍሬ ይጨመራል። የተቆጠረውም በጨርቁ ላይ፣ ከአምናው የመጨረሻ ሥዕል ቀጥሎ፣ ይሳላል።